ምርምርን የሚያከብሩ ግን የማይጠቀሙበት ፊዚዮቴራፒስቶች፦ አመለካከታቸውን እንዴት ላጥና?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ከሥራዬ ጎን ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ለመመረቂያ የያዝኩት ርዕስ በከተማችንና በአካባቢዋ ያሉ ፊዚዮቴራፒስቶች የምርምር ውጤትን ስለመጠቀምና በምርምር ስለመሳተፍ ያላቸው አመለካከት ነው። አማካሪዬ ናሙናው 384 መሆን አለበት ብለውኛል፤ ያን ያህል ፊዚዮቴራፒስት ግን የለም። ለሙከራ መጠይቅ የሰጠኋቸው ባልደረቦቼ ደግሞ ሁሉንም ጥያቄ "በጣም እስማማለሁ" እያሉ መለሱልኝ፤ ክፍላችን ውስጥ ግን ጽሑፍ ሲነበብ አይቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦ የ384ቱን ነገር አስቀድመን እንጨርሰው፤ ቀላሉ እሱ ነው። ቁጥሩ የሚወጣው 1.96 በራሱ ተባዝቶ፣ በ0.5 እና እንደገና በ0.5 ተባዝቶ፣ ውጤቱ 0.05 በራሱ ሲባዛ ለሚገኘው ሲካፈል ነው። ይህ ስሌት የሚጠናው ሕዝብ በብዙ ሺዎች የሚቆጠር ነው ብሎ ይነሣል። ሕዝቡ ትንሽ ሲሆን ማስተካከያ አለው፦ 383ን ለባለሙያዎቹ ጠቅላላ ቁጥር ያካፍሉ፣ በተገኘው ላይ 1 ይደምሩ፣ ከዚያ 384ን ለዚህ ድምር ያካፍሉ። ጠቅላላው 40 ቢሆን 37 ይመጣል፤ 120 ቢሆን 92። ከ40 ሰው 37ቱን በዕጣ መርጦ ሦስቱን መተው ለማንም ስለማይጠቅም ሁሉንም ይጠይቁ። ፕሮፖዛሉ ላይ «ናሙና አይወሰድም፤ ሁሉም ይካተታሉ» ብለው ከነስሌቱ ያስገቡት። ስሌቱን ላየ አማካሪ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለውም። «ለማይመልሱ 10 በመቶ ይጨመር» የሚባለውም ልማድ እዚህ ቦታ የለውም፤ የሌለ ሰው አይጨመርም።

ሁሉንም ሲጠይቁ ዋናው ስጋት ስንት ሰው ሳይመልስ ይቀራል የሚለው ይሆናል። የስም ዝርዝሩን ከየሆስፒታሉ የሰው ሀብት ክፍል ይውሰዱ፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ብቻ ሳይሆኑ የግል ክሊኒኮችም ይግቡ። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት፣ ወደ አስተዳደር ሥራ የተዛወሩት ይካተታሉ ወይስ አይካተቱም የሚለውን መጠይቁ ከመሰራጨቱ በፊት ይወስኑ። ካልመለሱት ሰዎች ቢያንስ የት እንደሚሠሩ ይመዝግቡ። የማያነበው ሰው ስለ ማንበብ የሚጠይቅ ወረቀት የመሙላት ፍላጎቱም ዝቅ ያለ ነው፤ ከ40 ሰው 12ቱ ካልመለሱ የቀረዎት ውጤት ከእውነታው አምሮ ይታያል።

ከባዱ ጉዳይ «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ነው። ይህ የባልደረቦችዎ ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 488 ፊዚዮቴራፒስቶችን ጠይቆ ነበር፤ መላሾቹ በማስረጃ መሥራት አስፈላጊ ነው፣ ለታካሚም የተሻለ ሕክምና ያስገኛል በሚለው ተስማምተዋል። እነዚሁ ሰዎች ምን ያህል እንደሚጠቀሙበት ሲጠየቁ ግን አንድ አራተኛው ጽሑፍን ለሕክምና ውሳኔ የሚጠቀመው በወር ከሁለት ጊዜ ያነሰ መሆኑን ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተሠሩት ጥናቶችም መልካቸው ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ «አመለካከታቸው ጥሩ ሆኖ ተገኘ» ብለው ቢጽፉ አዲስ ነገር አልተናገሩም። የእርስዎ ጥናት ዋጋ የሚኖረው በሚሉትና በሚያደርጉት መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ፣ ርቀቱ ከምን እንደመጣ ካሳየ ነው። እኔ ብሆን ርዕሱን ራሱን በዚያ መልክ አሻሽለው ነበር።

ለዚህ መጠይቁ መቀየር አለበት። «ምርምር ለሙያችን ጠቃሚ ነው» ዓይነቱን ዓረፍተ ነገር ያውጡት፤ አልስማማም ብሎ የሚያከብብ ባለሙያ አያገኙም። በምትኩ በጊዜ የተገደበ ተግባር ይጠይቁ። «ባለፉት 30 ቀናት ለአንድ ታካሚ ሕክምና ብለው ከአብስትራክቱ (ከመግቢያው አጭር ማጠቃለያ) አልፈው ያነበቡት ጽሑፍ ስንት ነው?» «ባለፈው ሳምንት ካከሟቸው ታካሚዎች ውስጥ ካርዳቸው ላይ በቁጥር የተለካ ውጤት የሰፈረላቸው ስንቶቹ ናቸው?» «ባለፉት 6 ወራት ባነበቡት ምክንያት የተዉት ወይም የጀመሩት ሕክምና አለ? ካለ ምንድን ነው?» የመጨረሻው ጥያቄ ባዶ ቦታ ይኑረው። አለ ብሎ ስሙን መጻፍ ያቃተው ሰው መልሱን ራሱ ነግሮዎታል።

አመለካከትን መጠየቅ የግድ ከሆነ ዋጋ የሚያስከፍል አመለካከት ይጠይቁ። «ሲኒየሩ ከሚሉት የሚለይ ጋይድላይን (የሕክምና መመሪያ) ባገኝ በስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ።» «ታካሚው ማሽን ካልተደረገልኝ አልታከምኩም ቢልም የማይጠቅመውን ማሽን አላደርግለትም።» «ለራሴ ታካሚዎች በምርምር የተሻለ ሆኖ የተገኘው ሕክምና ለእኔ የበለጠ አድካሚ ቢሆንም እሱን እመርጣለሁ።» እንዲህ ያሉት ላይ መልሱ መበታተን ይጀምራል፤ ከተበታተነ ደግሞ የሚተነተን ነገር አለ ማለት ነው። ከአምስት ነጥብ መመዘኛው መካከል ያለውን «እርግጠኛ አይደለሁም» አያጥፉት፤ ካጠፉት ሰዎች ወደ መስማማት ይሸሻሉ።

ከዚህ በተጨማሪ ሁለት አጫጭር የታካሚ ታሪኮችን ያስገቡ፤ መላሹ ለታካሚው የሚሰጠውን ሕክምና ይምረጥ። አንደኛው የ45 ዓመት የፎገራ ሩዝ አምራች ይሁን፦ ወገቡን ካመመው 5 ወር ሆኖታል፣ ሕመሙ ወደ እግር አይወርድም፣ አስጊ ምልክት የለውም። ከምርጫዎቹ መካከል ሙቀትና አልትራሳውንድ ለ10 ቀን፣ ትራክሽን (ወገብን መሳብ)፣ ቴንስ (በቆዳ ላይ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ንዝረት)፣ የአልጋ ዕረፍት፣ ምክርና የአካል እንቅስቃሴ ይኑሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው፣ የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም የናይስ ጋይድላይን ለወገብ ሕመም አልትራሳውንድ፣ ቴንስና ትራክሽን እንዳይሰጡ ይላል፤ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማም ለቆየ የወገብ ሕመም አልትራሳውንድ እንደሚጠቅም የሚያሳይ ጥራት ያለው ማስረጃ አላገኘም። ብዙ ክፍሎች ውስጥ ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ያው ማሽን ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ስትሮክ ይሁን፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ምርምሩ ብዙዎቻችን ከምናምነው ተቃራኒ ወጥቷል። አቨርት የተባለው ጥናት 2,104 ታካሚዎችን ይዞ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ስትሮክ በገባ በ24 ሰዓት ውስጥ ታካሚውን ቶሎ ማስነሣት፣ ደጋግሞና በብዛት ማንቀሳቀስ ያድነዋል ተብሎ ነበር የተጠበቀው። በ3 ወር ጥሩ ደረጃ ላይ የተገኙት ቶሎና በብዛት በተንቀሳቀሰው ቡድን 46 በመቶ፣ በተለመደው እንክብካቤ 50 በመቶ ሆኑ። መልእክቱ «በአልጋ ላይ ይተኛ» አይደለም፤ የተለመደው ቡድንም በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ገደማ ተነሥቷል። ችግሩ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጠኑን ማብዛት ላይ ነው። ይህን የሚያውቅና የማያውቅ ባለሙያ በታሪኩ ላይ የሚሰጡት መልስ ይለያያል፤ «ምርምር እከታተላለሁ» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ ይህ ብዙ ይነግርዎታል።

መጠቀምንና መሳተፍን በአንድ ጥቅል አይጠይቁ። ማንበብ የሚወድ ሰው መሳተፍ ላይፈልግ ይችላል፤ የማያነብ ደግሞ ለመሳተፍ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። መሳተፍ ራሱ ቢያንስ አራት ነገር ነው፦ ለሌላ ሰው ዳታ መሰብሰብ፣ ታካሚን ወደ ጥናት መላክ፣ በጥናቱ ፕሮቶኮል መሠረት ማከም፣ የራስን ጥያቄ ይዞ ማጥናት። በአገራችን የመጀመሪያው፣ ዳታ መሰብሰቡ፣ ከአበል ጋር ተያይዟል። ይህን መሸፈን አያስፈልግም፤ በግልጽ ይጠይቁ። «ባለፈው የተሳተፉበት ጥናት ክፍያ ባይኖረው ይሳተፉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። አበል መፈለግም ምርምርን መጥላት አይደለም፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ሥራ ነው።

ተሳትፎን የሚያቀዘቅዘው ሁለተኛው ነገር ውጤቱ ተመልሶ አለመምጣቱ ነው። ተመራማሪ መጥቶ መጠይቅ ያስሞላል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው አይሰማም። «በተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ ተነግሮዎታል?» የሚል ጥያቄ ያስገቡ፤ መልሱ ቀጣዩን ፈቃደኝነት ከዕድሜና ከትምህርት ደረጃ በተሻለ እንደሚያስረዳ እገምታለሁ፤ የእርስዎ ዳታ ይፈርደዋል። ሦስተኛው የደራሲነት ቅሬታ ነው። የዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ መስፈርት አራት ነው፦ በሐሳቡ፣ በዳታው ወይም በትንተናው ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው፤ ዳታ የሰበሰበ ሰው ግን በመጻፉና በማረሙ እንዲሳተፍ ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ብዙው ቅሬታ ያለው ዕድሉ ሳይሰጥ ስም የሚዘለልበት ቦታ ላይ ነው።

አሁን ወደ እንቅፋቶቹ። እ.ኤ.አ. በ2015 12 ጥናቶችንና ከ6,400 በላይ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያካተተ ግምገማ በብዛት ያገኛቸው የጊዜ ማነስ፣ ስታቲስቲክስን አለመረዳት፣ የአሠሪ ድጋፍ ማጣት፣ የግብዓት እጥረት፣ የፍላጎት ማነስና «ይህ ለእኔ ታካሚ አይሠራም» የሚለው ናቸው። ዝርዝሩን እንዳለ ገልብጠው ምልክት አድርጉ ቢሏቸው «ጊዜ የለም» እንደሚያሸንፍ ከአሁኑ ያውቁታል። ስለዚህ ጊዜን ይበትኑት፦ በቀን ስንት ታካሚ፣ በሁለት ታካሚ መካከል ስንት ደቂቃ፣ ኢንተርኔት የሚያገኙት የት ነው፣ በሥራ ቦታ ወይስ በራሳቸው ሞባይል ዳታ። ታካሚ ባልመጣበት ሰዓት ምን እንደሚያደርጉም ይጠይቁ። ባሕር ዳር ውስጥ በክረምት፣ በእርሻ ወቅት፣ በትልልቅ በዓላት ሰሞን የተመላላሹ ቁጥር ሊወርድ ይችላል። በዚያን ጊዜም የማይነበብ ከሆነ ምክንያቱ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ስታቲስቲክስን በተመለከተ «ይረዱታል?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም። አንድ ትንሽ ምሳሌ ይስጧቸው፦ «አዲሱ ሕክምና ሕመምን ከ10 በ1.1 ነጥብ ቀንሷል፤ 95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ0.3 እስከ 1.9 ነው። ይህን ለታካሚዎ እንዴት ይገልጹታል?» የመተማመኛ ክልል እውነተኛው ውጤት ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል ነው። ከ0 እስከ 10 ባለው የሕመም መለኪያ ለታካሚው የሚታወቅ ለውጥ ብዙ ጊዜ 2 ነጥብ ገደማ ተደርጎ ይወሰዳል። ውጤቱ በስታቲስቲክስ «ጉልህ» ቢሆንም ታካሚው ላይሰማው እንደሚችል ያዩ ምን ያህል እንደሆኑ ይቁጠሩ።

«ለእኔ ታካሚ አይሠራም» የሚለውን ስንፍና ነው ብለው አይለፉት። ከሁሉም የበለጠ እውነት ያለበት እሱ ነው። የውጭው የጉልበት መለኪያ ስለ ደረጃ መውጣትና ከመኪና መውረድ ይጠይቃል፤ የእኛዋ እናት የምትፈልገው በርጩማ ላይ ተቀምጦ መነሣት፣ እንጀራ መጋገር፣ በዐቢይ ጾም መስገድ ነው። ጥናቱ በሳምንት 3 ቀን ለ12 ሳምንት ይላል፤ ከጣናዋ ደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ታካሚ ይህን አይችለውም። ወጌሻ ጋ ሄዶ፣ ጸበል ገብቶ፣ ከዚያ የሚመጣውም አለ። ይሁን እንጂ ይህ ምርምርን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ምን ማሻሻል እንዳለብን ያሳያል። ታካሚው ራሱ የቸገሩትን ከ3 እስከ 5 ተግባራት እንዲጠቅስና እያንዳንዱን ከ0 እስከ 10 እንዲሰጥ የሚያደርገው መለኪያ ስግደትንም መጋገርንም ይቀበላል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። በመጠይቁ «አይሠራም» ላሉት «የትኛው ክፍሉ ነው የማይሠራው?» የሚል ተከታይ ጥያቄ ያስቀምጡ፦ መለኪያው፣ የጉብኝቱ ብዛት፣ መሣሪያው ወይስ የታካሚው ሁኔታ?

ግብዓትን በሁለት ጥያቄ ይጨርሱት። ፔድሮ የተባለውን የፊዚዮቴራፒ ማስረጃ ማከማቻ ያውቁታል? እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነጻ ክፍት ነው። ጥናቶችን የሚመዝንበት መስፈርት 11 ሲሆን ነጥቡ ግን ከ10 ነው፤ የመጀመሪያው አይቆጠርም። በእኛ ሙያ ሕክምናውን የሚሰጠውን ሰው ማሳወር (የትኛውን ሕክምና እንደሚሰጥ እንዳያውቅ ማድረግ) ስለማይቻል፣ ታካሚውንም ብዙ ጊዜ ስለማይቻል፣ 8 ያገኘ ጥናት እጅግ ጥሩ ነው፤ 10 የሚፈልግ ሰው ሁሉንም ጥሎ ይወጣል። ሁለተኛው በዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪ፣ የሕክምና መጽሔቶች የሚነበቡበት ድረ ገጽ፣ ነው፤ የኢትዮጵያ ተቋማት በነጻ ይገቡበታል፣ የይለፍ ቃሉ ግን በተቋሙ ቤተ መጻሕፍት በኩል ነው የሚገኘው። የይለፍ ቃሉን ማን እንደያዘ የማያውቅ ሰው «ጽሑፍ አይገኝም» ቢል ልክ ነው። ግራ ሲገባቸው ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቁም ሲኒየር፣ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ዩቲዩብና የኮሌጅ ሃንዳውት በምርጫው ውስጥ ይኑሩ፤ ካላስገቧቸው «መጽሔት» ብለው ይመልሱልዎታል።

መጠይቁን በክፍል ኃላፊ በኩል አያሰራጩ። ወረቀቱ በአለቃ እጅ ተሰጥቶ በአለቃ እጅ ከተሰበሰበ ፈቃደኝነት የለም፤ እውነትም የለም። ኮቦ (KoboToolbox) በመሳሰለ በስልክ በሚሞላ መጠይቅ ቢልኩት ይሻላል፤ ስምና ስልክ ቁጥር አይጠይቁ። ሕዝቡ ትንሽ ስለሆነ ስም ባይኖርም ሰው ይታወቃል፦ «ሴት፣ 9 ዓመት ልምድ፣ ማስተርስ፣ እገሌ ሆስፒታል» ካሉ ማን እንደሆነች ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልምድን በሦስት ሰፊ ክልል ይክፈሉ፤ ጾታንና የሥራ ቦታን በአንድ ሠንጠረዥ አያጣምሩ፤ ከ5 ሰው በታች ያለበትን ሣጥን አያትሙ። ለባለሙያ የሚሰጥ መጠይቅም ቢሆን የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ደብዳቤው እጅዎ ሳይገባ የተሰበሰበ ዳታ ኋላ መጽሔት ላይ ይወድቃል።

ትንተናው ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው በእኛ አገር የተለመደው «ከአማካይ በላይ ያገኘ ጥሩ አመለካከት፣ በታች ያገኘ መጥፎ» የሚለው ነው። ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ብለው አማካዩ 4.8 ቢሆን 4.7 ያገኘው ሰው «መጥፎ አመለካከት» ተብሎ ይመዘገባል። እያንዳንዱን ጥያቄ ከነስርጭቱ ያቅርቡ፤ መቁረጫ ካስፈለገዎት ዳታውን ከማየትዎ በፊት ምክንያቱን ጽፈው ይወስኑት። ሁለተኛው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ ብዙ ምክንያቶችን (ተለዋዋጮችን) በአንድ ላይ ከአንድ አዎ ወይም አይ ውጤት ጋር የሚያያይዘው ስሌት፣ ነው። ከ40 መላሾች 15ቱ ምንም ያላነበቡ ቢሆኑ፣ ለአንድ ተለዋዋጭ 10 ክስተት በሚለው ልማዳዊ ስሌት የሚችሉት አንድ ተለዋዋጭ ነው። ስምንት ተለዋዋጭ የተደረደረበት ሠንጠረዥ ያምራል እንጂ አይታመንም። ቁጥሩን በግልጽ ያስቀምጡ፣ ካስፈለገ ለትንሽ ቁጥር የሚሆነውን የፊሸር ፈተና ይጠቀሙ፣ የተረፈውን ጉልበት ለቃለ መጠይቅ ያውሉት።

ለቃለ መጠይቁ ከ10 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ አዲስ ነገር መምጣት ሲያቆም ያቁሙ። ጁኒየሮችን ከሲኒየሮች ጋር በአንድ ውይይት አያስቀምጡ፤ ጁኒየሩ ዝም ይላል። «ስለ ምርምር ምን ያስባሉ?» አይበሉ፤ እንደገና «ጥሩ ነው» ይባላሉ። «በቅርቡ ግራ ያጋባዎትን ታካሚ ይንገሩኝ፤ ምን አደረጉ? ማንን ጠየቁ? ከዚያስ?» ይበሉ። የራስዎን ክፍል ባልደረቦች ግን ሌላ ሰው ይጠይቅልዎ።

በመጨረሻ አሁን ያደረጉት ሙከራ። የራስዎን ሕዝብ ለሙከራ ተጠቅመውበታል፤ እነዚያ ሰዎች ጥያቄዎቹን ስላዩ ዋናው ላይ ያው መልስ ሊደግሙ ይችላሉ። የተሻሻለውን መጠይቅ ጎንደር ወይም ደብረ ታቦር ባሉ 6 ወይም 8 ባለሙያዎች ይሞክሩት፦ ድምፅ አውጥተው እያሰቡ እንዲሞሉ ያድርጉ፣ የቆሙበትን ጥያቄ ምልክት ያድርጉ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ያሳጥሩት። በዚህ ቁጥር የክሮንባክ አልፋን (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካውን) ማስላት ትርጉም የለውም፤ እሱን ለዋናው ዳታ ያቆዩት። ቀድሞ የሞሉትን ባልደረቦችዎን ከዋናው ጥናት አያስወጧቸው፤ ቀድመው እንደሞሉ በአንድ ኮድ ምልክት ያድርጉባቸውና መልሳቸውን ጨምረውም ቀንሰውም ውጤቱን ያሳዩ።